የ1970ዎቹ ፔዦ ኮርስ ብስክሌት፦ ክራንኩ ይላወሳል፣ የኮርቻው ቧንቧ ተጣብቋል፤ ከየት ልጀምር?

አቤል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ያገለገለ ፔዦ ኮርስ ብስክሌት እጄ ገብቷል፤ ሞዴሉ ዩኦ-8፣ 10 ማርሽ፣ በፈረንጆቹ የ1970ዎቹ መጀመሪያ ሥሪት። አድሼ ወደ ሥራ ልመላለስበት ነው የማስበው።

ሁኔታው እንዲህ ነው። ቀለሙ ተጫጭሯል እንጂ ቴላዮው (የብስክሌቱ አፅም) ደህና ይመስላል። ቸርኬዎቹ ክሮም የተቀቡ ብረት ናቸው፣ ነጠብጣብ ዝገት አለባቸው። ጎማው 27 በ1¼ ይላል፤ ጎኑ ተሰነጣጥቋል። ክራንኩ (ፔዳሉን የሚይዘው ክንድ) በሽብልቅ የሚታሰረው የድሮው ዓይነት ነው፣ ይዤ ወደ ጎን ስነቀንቀው ይላወሳል። ማርሽ ቀያሪው ጥቁር ፕላስቲክ ሲምፕሌክስ፣ ፍሬኑ ማፋክ ነው። የመሪው አንገት ላይ ‹አቫ› የሚል ተቀርጿል። የኮርቻው ቧንቧ ደግሞ ንቅንቅ አይልም።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፦ የቱን ዕቃ ልተው፣ የቱን ልቀይር? ቸርኬውን 700ሲ ወደሚባለው መጠን ብቀይረው ፍሬኑ ይደርሳል? ሽብልቁንስ ሳላበላሽ እንዴት ላውጣው? መፍቻ፣ ካቻቪቴና መዶሻ አለኝ፤ የብስክሌት ልዩ መሣሪያ የለኝም።

ቴላዮ (የአባል ስም)፦

ወንድም አቤል፣ ጥሩ ብስክሌት ነው የያዝከው። ቧንቧው ተራ ብረት ስለሆነ ትንሽ ይከብዳል፤ ግን ለዕለት መንገድ የሚመች፣ ለጭቃ መከላከያ ቦታ ያለው፣ በቀላሉ የማይበገር ቴላዮ ነው።

አንድም ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ግን ካሊፐር (ውፍረትን በጥቃቅን ልክ የሚለካ መሣሪያ) ግዛ። የዚያ ዘመን ፔዦ የተሠራው በፈረንሳይ ልክ ነው፤ ዛሬ ሱቅ ውስጥ የምታገኘው ዕቃ አብዛኛው በእንግሊዝ ወይም በዓለም አቀፉ ልክ ነው። ልዩነቱ ከፀጉር የማይበልጥ ስለሆነ ዓይን አያየውም። አዲሱ ዕቃ አንድ ሁለት ዙር በደንብ ይገባል፣ ከዚያ ይጠብቃል። እዚያ ላይ ‹ትንሽ ጉልበት ነው የሚፈልገው› ያለ ሰው የቴላዮውን ጥርስ (የብሎን ጠመዝማዛውን) በልቶት ያርፋል።

ልኮቹን ልዘርዝርልህ። የክራንክ ቤቱ (የክራንኩ ዘንግ የሚዞርበት የቴላዮው ቀፎ) ጥርስ 35 በ1 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ውፍረቱ 35፣ ከጥርስ ጥርስ ርቀቱ 1 ሲሆን በሁለቱም ጎን ወደ ቀኝ የሚጠብቅ ነው። የእንግሊዙ ግን 1.37 ኢንች በ24 (በአንድ ኢንች 24 ጥርስ) ነው፣ በሰንሰለቱ በኩል ያለው ደግሞ ተገልባጭ ነው። የፔዳሉ ጥርስ 14 በ1.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዛሬው ፔዳል 9/16 ኢንች፣ ማለትም 14.28 ገደማ ስለሆነ አይገባም። ፔዳሉ ላይ በላቲን ‹ዲ› እና ‹ጂ› ከተጻፈ በፈረንሳይኛ ቀኝና ግራ ማለት ስለሆነ ነው። የመሪው አንገት ወደ ሹካው የሚገባበት ውፍረት 22.0 ነው፤ የዘመኑ 22.2። የሹካው አናት ጥርስ 25 በ1 ነው። ፍሪዊሉ (የኋላ ማርሾቹ ስብስብ) ሞዞው (የጎማው እምብርት) ላይ የሚጠመዘዝበት 34.7 በ1 ነው። አስተውል፦ ፔዦ በ1970ዎቹ መጨረሻ የክራንክ ቤቱን ወደ ስዊስ ልክ ቀይሮታል። ያ ደግሞ መጠኑ ያው 35 በ1 ሆኖ የሰንሰለቱ ጎን ተገልባጭ ነው። ብስክሌትህ ከገመትከው ቀን ዘግይቶ የተሠራ ከሆነ በስህተት አቅጣጫ ትታገለዋለህ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ጥርስ ያለው ዕቃ ሁሉ ካላለቀ በቀር አይቀየር፤ ይታጠብ፣ ኳሱ ይቀየር፣ ግሪስ ይቀባ፣ ይመለስ። ኩባያዎቹ (ኳሶቹ የሚሽከረከሩባቸው) የተሠሩበት ብረት ጥሩ ነው። የሚያልቁት ኳሶቹና ፔርኖው (በመሀል የሚያልፈው ዘንግ) ናቸው፤ ኳስ ደግሞ ርካሽ ነው። ለክራንኩ በየጎኑ 11 ኳስ ባለ ¼ ኢንች፣ ለኋላ ሞዞ በየጎኑ 9 ባለ ¼፣ ለፊት ሞዞ በየጎኑ 10 ባለ 3/16። የሹካውን አናት ስትፈታ ከሥሩ ነጭ ጨርቅ አንጥፍ፤ የወጣውን ቁጠርና ለካ፣ ያንኑ ያህል መልስ። አሮጌዎቹን ከአዲስ ጋር አትቀላቅል። ጥቂት ትልልቅ ኳሶች ብቻ ክብደቱን ተሸክመው ኩባያውን ይቆፍሩታል።

ገና ምንም ሳትፈታ ደግሞ ቴላዮውን መርምር። የላይኛውና የታችኛው ቧንቧ ከመሪው ራስ ቧንቧ ጋር ከሚጋጠሙበት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ፣ ከሥር በኩል ጣትህን አስኪድ። ቀለሙ ተጨማዶ ወይም ቧንቧው አበጥ ብሎ ከተሰማህ ብስክሌቱ ፊት ለፊት ተጋጭቷል፤ ገንዘብህን አታፍስበት። ቀጥሎ ሲባጎ ውሰድና ከኋላው ጎማ መያዣ ከግራው ጆሮ ጀምረህ በራስ ቧንቧው አዙረህ በቀኙ ጆሮ እሰር። ወጥረህ በሲባጎውና በቁም ቧንቧው መካከል ያለውን ርቀት በሁለቱም ጎን ለካ። ልዩነቱ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ከሆነ አያሳስብም።

አንድ ነገር ግን ሳታመነታ ጣል፦ ያንን የአቫ አንገት። ወደ ሹካው የሚገባው ክፍል ላይ ያለው ስንጥቅ ጫፍ ጀምሮ የመሰንጠቅ ችግር አለበት፤ በአሮጌ ብስክሌት ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። ሲሰበር ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፣ መሪው እጅህ ላይ ይቀራል። በምትኩ 22.2 የሆነ የአሉሚኒየም አንገት ገዝተህ ሹካው ውስጥ የሚገባውን ክፍል ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን እኩል እየፈገፈግክ ወደ 22.0 አውርደው። የሚነሳው ከየጎኑ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በየመሀሉ እየለካህ ሂድ፤ በእጅ ግፊት መግባት አለበት እንጂ በመዶሻ አይደለም። መሪውን የሚጨብጠው ቀዳዳም ከመሪህ ውፍረት ጋር መግጠሙን ለካ፤ የፈረንሳዩ መሪ ብዙ ጊዜ 25.0 ነው።

ሳሮን፦

እኔ ስለ ጎማና ፍሬን ልጨምር።

አቤል፣ የ27 ኢንች ቸርኬ ጎማው የሚቀመጥበት ዲያሜትር 630 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ700ሲ 622። ልዩነቱ 8 ነው፣ ወደ አንድ ጎን ሲሰላ 4 ሚሊ ሜትር። የፍሬኑ ላስቲክ 4 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት ማለት ነው። የማፋክ ፍሬን ክንዱ ረጅም ስለሆነ ያለ ችግር ይደርሳል። በዚያ ላይ ለጎማ ተጨማሪ ቦታ ታገኛለህ፤ 32 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ ከነጭቃ መከላከያው ሊገባ ይችላል።

ቸርኬውን መቀየር እኔ የምመክርበት ምክንያት ግን መጠኑ አይደለም። የብረት ቸርኬ ሲረጥብ ፍሬን አይዝም። ክሮሙ ለስላሳ ነው፣ ውሃው በላስቲኩና በብረቱ መካከል ይቀመጣል። ፍሬኑን ትጨብጣለህ፣ ብስክሌቱ ግን መንገዱን ይቀጥላል። ለሥራ የሚሄድ ሰው ዝናብ መርጦ አይወጣም። ከአሉሚኒየም ቸርኬ የበለጠ ብስክሌቱን የሚለውጥ ወጪ የለም።

ችግሩ የኋላው ስፋት ነው። የአንተ ቴላዮ በሁለቱ ጆሮዎች መካከል 120 ሚሊ ሜትር ነው የሚሆነው፤ የዛሬው የተገጣጠመ ጎማ 130 ነው። ብረት ስለሆነ ቴላዮውን መክፈት ይቻላል፣ ግን በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር እኩል መከፈት አለበት፤ ከዚያም ሁለቱ ጆሮዎች እንደገና ትይዩ መደረግ አለባቸው። ይህ ሳይደረግ በጉልበት ተከፍቶ የገባ ጎማ ፔርኖውን ያጣምማል፣ ኋላም ይሰብረዋል። እኔ ብሆን ያሉትን ሞዞዎች አስቀርቼ፣ ባለ 36 ቀዳዳ የ700ሲ አሉሚኒየም ቸርኬ በአዲስ ራጂ (ቸርኬውን ከሞዞው በሚያያይዘው ሽቦ) አሠራለሁ። አሮጌው ራጂ ርዝመቱ አይሆንም። ስፋቱ 120 እንደሆነ ይቀራል፣ ፍሪዊሉም የራሱ ጥርስ ላይ ይመለሳል።

አሁን በጀት ከሌለህ 27 በ1¼ ጎማ ዛሬም ይመረታል፤ ፓናሬሰር ፓሴላ በዚህ መጠን አለ። የድሮ የብረት ቸርኬ ከንፈሩ ጎማውን የሚይዝበት መንጠቆ ስለሌለው ግን ጎማው ላይ 90 ፒኤስአይ ቢጻፍም ከ70 አታሳልፈው። ብትሞላው ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ ካላማዳሪያው ይፈነዳል። ቸርኬው ውስጥ ያለውን የላስቲክ ቀበቶም ቀይር፤ ሲደርቅ የራጂው ጫፍ ካላማዳሪያውን ይወጋዋል።

የፍሬን ላስቲኩን የግድ ቀይር፣ ከ40 ዓመት በላይ የቆየ ላስቲክ ድንጋይ ነው። የማፋክ ላስቲክ እግሩ ጥርስ የሌለው ለስላሳ ዘንግ ነው፤ የተለመደው ባለ ብሎን አይገባም። ኩል-ስቶፕ የተባለው አምራች ለዚህ ተብሎ የሚሠራው አለ፤ የሳልመን ቀለሙን ግዛ፣ እርጥብ ላይ የተሻለ ይይዛል። ስትገጥመው የፊተኛው ጫፍ ከኋለኛው ቀድሞ በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ቸርኬውን ይንካ፤ አለዚያ ማፋክ በጣም ይጮኻል። የፍሬን ሽቦ 1.6፣ የማርሽ ሽቦ 1.2 ሚሊ ሜትር፤ ከነሽፋናቸው ሁሉንም አዲስ አድርግ።

ሲምፕሌክሱን አጥበህ በደማቅ ብርሃን እየው፤ በተለይ የፊተኛው ቧንቧውን የሚያቅፍበት ቦታ ይሰነጠቃል። ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ መጠገኛ የለውም። የኋላውን በማንኛውም አሮጌ የሰንቱር ሥሪት ቀያሪ መተካት ትችላለህ። ማርሹ ደረጃ የሌለው፣ በእጅ ስሜት የሚቀየር ስለሆነ አዲሱ ቀያሪ ከማዘዣው ጋር ይግባባል ወይ ብለህ አትጨነቅ። ቴላዮው የራሱ መስቀያ ከሌለው መስቀያውን አብረህ ግዛ። የሲምፕሌክስ ማዘዣ እጀታዎቹን ግን አስቀራቸው፣ ሥራቸው ጥሩ ነው።

ቶርኖ፣ አዲስ አበባ፦

አቤል፣ ሽብልቁን በመዶሻ እንዳትጀምረው። ሰው ሁሉ የሚያበላሸው እዚያ ላይ ነው። ብሎኑ ያለበት ጫፍ ቀጭንና ለስላሳ ብረት ነው፤ አንድ ጊዜ ካጣመምከው ወይም እንደ እንጉዳይ ካፈጠጠ በቀዳዳው አያልፍም። ምቱ ደግሞ በፔርኖው አልፎ ኩሽኔታው ላይ ያርፋል፣ ኩባያው ላይ ጉድጓድ ይሠራል።

ሽብልቁ የሚወጣው በግፊት ነው። መጀመሪያ ዘልቆ የሚገባ ዘይት በሁለቱም ጫፍ አንጠብጥብና ሌሊቱን አሳድረው፤ ጠዋት ድገም። ዳዶውን አላላው እንጂ አታውጣው፤ ጫፉ ከብሎኑ ጫፍ ጋር እኩል ይሁን፣ ጥርሱን ይጠብቅልሃል። ከዚያ ጠንካራ የሲ ቅርጽ መቆንጠጫ ወይም የሽብልቅ መግፊያ መሣሪያ ውሰድ። በወፍራሙ ጫፍ በኩል ሽብልቁ ወጥቶ የሚገባበት አጭር ቱቦ አስደግፍ፣ ለምሳሌ የ14 ሚሊ ሜትር መፍቻ ጭንቅላት። መቆንጠጫውን በሙሉ ኃይል አጥብቀህ ጥቂት ደቂቃ ተወው፣ እንደገና ጥቂት አጥብቅ። ሲለቅ ‹ጧ› ብሎ ይለቃል። እምቢ ካለ መቆንጠጫው እንደጠበቀ ክራንኩን በሽብልቁ ዙሪያ በሙቅ አየር ማሞቂያ አሙቀው። ዘይት የነካውን በእሳት ነበልባል አትንካው።

ጫፉ የተበላሸበት ካለ በሴጌቶ ከክራንኩ ጋር እኩል ቁረጠው። መሀሉን በነጥብ መቺ ምልክት አድርግ፣ በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ቀዳ፣ ከዚያ በ6። ሽብልቅ ለስላሳ ብረት ስለሆነ በቀላሉ ይበሳል። ውስጡ ባዶ ሲሆን መጨናነቁ ይላላል፤ ቀሪውን በመግፊያ ታስወጣዋለህ። መሰርሰሪያው ወደ ጎን ሸሽቶ ፔርኖውን እንዳይበላው ቀጥ አድርገህ ያዝ።

አዲስ ሽብልቅ ስትገዛ አሮጌውን ለክተህ ሂድ። ብዙው 9.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፈረንሳይ ብስክሌት ላይ ግን 9.0 ይገኛል። 9.5ቱን 9.0 ቀዳዳ ውስጥ በግድ ለማስገባት የሚሞክር ክራንኩን ይሰነጥቀዋል። ጠፍጣፋውን ፊት በሞረድ ትንሽ በትንሹ እያስተካከልክ፣ በፔርኖው ጠፍጣፋ ላይ ሙሉ በሙሉ መተኛቱን በማርከሪ ቀለም ቀብተህ እይ። ቀለሙ በአንድ ጥግ ብቻ ከተላጠ ያን ጥግ ሞርደው። ሁለቱ ሽብልቆች እኩል ካልተሞረዱ ሁለቱ ፔዳሎች በቀጥታ መስመር አይሆኑም። ስታስገባም ግፋው እንጂ በዳዶው አትሳበው፤ ዳዶው እንዳይወጣ ለመያዝ ብቻ ነው። መጀመሪያ ከነዳህበት ጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ገፍተህ አጥብቅ።

ስለ ኮርቻው ቧንቧ፦ መጀመሪያ ማግኔት አስጠጋው። ብረት ከሆነ የተጣበቀው በተራ ዝገት ነው፤ ዘይትና ትዕግሥት ይበቃዋል። አሉሚኒየም ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፣ ንገረን።

አቤል፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲባጎው በግራና በቀኝ እኩል ነው፣ ቴላዮው ላይ መጨማደድ የለም። ሽብልቆቹ እንደተባለው ወጡ፤ የግራው ጫፉ ስለተበላሸ ቆርጬ በስቼ አወጣሁት። ክራንክ ቤቱን ስከፍት ፔርኖው ኳስ የሚሄድበት መስመር ላይ ተቆፋፍሯል፤ የግራው ኩባያ ደህና ነው። የቀኙን ገና አላወጣሁትም፣ ላውጣው? የኮርቻው ቧንቧ ላይ ማግኔት አይዝም።

ቴላዮ፦

የቀኙን አታውጣው። ከውስጥ በነጭ ጋዝ እጠበው፣ በባትሪ ብርሃን ኳሱ የሚሄድበትን መስመር እይ። እንደ መስታወት የሚያበራ አንድ ወጥ ቀለበት ከሆነ እዚያው ይቆይ። ጣትህ ላይ የሚሰማ ጉድጓድ ካለ ግን መውጣቱ አይቀርም። ያኔ ሁለት ወፍራም ሮንዴላ ይዘህ 16 ሚሊ ሜትር ብሎን በኩባያው ቀዳዳ አሳልፍ፣ በሁለቱም ጎን ኩባያውን ቆንጥጦ እንዲይዘው አጥብቀው። ከዚያ የብሎኑን ራስ በረጅም መፍቻ አዙር። የፈረንሳይ ልክ ከሆነ ወደ ግራ፣ የስዊስ ከሆነ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። ኩባያው ላይ ብዙ ጊዜ ‹35 በ1› ተቀርጾ ታገኛለህ፤ ያ ግን ሁለቱን አይለይልህም፣ ያው አንድ ልክ ናቸው። ስለዚህ በመጠነኛ ጉልበት ሁለቱንም አቅጣጫ ሞክር።

ፔርኖውን በተመለከተ ሁለት መንገድ አለህ። አንደኛው፣ ያገለገለ ተመሳሳይ ፔርኖ መፈለግ ነው፤ የያዝከውን ጠቅላላ ርዝመት፣ በሁለቱ የኳስ መስመሮች መካከል ያለውን ርቀትና የሽብልቅ ጠፍጣፋውን ለክተህ ሂድ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ያለው የቬሎሲቲ የብስክሌት ኅብረት ሥራ ሱቅ ዓይነት ቦታ የአሮጌ ዕቃ ሳጥን ይኖራቸዋል። ሁለተኛው፣ ሽብልቁን ለዘለዓለም መሰናበት ነው፦ ጥርስ ሳያስፈልገው ቤቱ ውስጥ ተወጥሮ የሚቀመጥ የታሸገ ክራንክ ፔርኖ አለ፣ ቬሎ ኦሬንጅ የተባለው ኩባንያ ይሠራዋል። ባለ አራት ማዕዘን አሉሚኒየም ክራንክ ታስርበታለህ። የፔዳል ጥርሱም አብሮ ወደ 9/16 ስለሚዞር ማንኛውንም ፔዳል ትገዛለህ። ለዕለት መመላለሻ ከሆነ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። አሮጌውን ክራንክ ግን በዘይት ጨርቅ ጠቅልለህ አስቀምጥ፤ ብስክሌቱን እንደነበረ የሚፈልግ ሰው ሊመጣ ይችላል።

ቶርኖ፣ አዲስ አበባ፦

ማግኔት ካልያዘ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየምና ብረት እርጥበት መካከላቸው ሲገባ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ከተበላው አሉሚኒየም የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቧንቧውን እንደ ሽብልቅ ይወጥረዋል። ዘይት ብቻውን ብዙ አይረዳም። የቤት ማጽጃ አሞኒያ ያንን ዱቄት ያላላል፦ የኮርቻ ማጥበቂያውን ብሎን አውጣ፣ ብስክሌቱን ገልብጠህ በክራንክ ቤቱ በኩል በቁም ቧንቧው ውስጥ አፍስስ፣ አሳድረው። ደጅ ላይ ይሁን፣ ጭሱን አትተንፍስ፣ ከበረኪናም ጋር በፍጹም አታገናኘው።

አሉሚኒየም በሙቀትም በቅዝቃዜም ከብረት እጥፍ ገደማ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ማሞቅ ብቻውን ያጠብቀዋል፤ የሚጠቅመው ማቀዝቀዝ ነው። ቧንቧው ክፍት ከሆነ በረዶ ሙላበት፣ ከዚያ አሮጌ ኮርቻ እንደ እጀታ አስረህ አዙረው። ወደ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ወደ ጎን ማዞር ነው። የቧንቧውን ጫፍ ሞርሳ ውስጥ አስረህ ቴላዮውን እንደ እጀታ ማዞርም ይሠራል፤ ግን ጉልበቱ ትልቅ ስለሆነ ቀስ ብለህ፣ በሁለቱም አቅጣጫ በትንሽ በትንሹ።

ያም ካልሆነ ከቴላዮው በላይ 3 ሳንቲ ሜትር አስቀርተህ ቁረጠው። የሴጌቶ ምላጭ በጨርቅ ጠቅልለህ ከውስጥ በኩል ቁመቱን ሰንጥቅ፤ ወደ ብረቱ ሳትደርስ አቁም፣ ሁለተኛ መስመርም ድገም። ከዚያ በፒንሳ ወደ ውስጥ አጥፈህ ታወጣዋለህ። አድካሚ ነው፣ ግን ቴላዮውን አይጎዳም። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየሙን ያቀልጠዋል ይሉሃል፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፣ ቀለምህንም ዓይንህንም ያጠፋል። መጋዝ እያለ እኔ አልነካውም።

አዲሱን ቧንቧ ስትገዛ አሮጌው ላይ የተጻፈውን አትመን። የቴላዮውን ውስጥ በካሊፐር በሁለት አቅጣጫ ለካ፤ 0.2 ሚሊ ሜትር ከሳሳ ኮርቻው ይወርዳል፣ ማጥበቂያውንም ስትጨክንበት ጆሮው ይታጠፋል። ስታስገባው ግሪስ በደንብ ቀባ።

ሳሮን፦

ዝገቱን ለብቻው ላንሳው። የክሮሙን ነጠብጣብ በተጨማደደ የአሉሚኒየም ፎይልና በውሃ እሸው፤ ፎይሉ ከክሮሙ ለስላሳ ስለሆነ አይጭረውም። በመጨረሻ በሰም ሸፍነው። ቀለሙ የተላጠበት ቴላዮ ላይ ዝገት ካለ ኦክሳሊክ አሲድ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ 20 ግራም ገደማ ሟሟ፣ በጨርቅ አርሰህ ለጥፍበት። መርዝ ነው፤ ጓንትና መነጽር ይኑርህ። ሲያልቅ ቤኪንግ ሶዳ በሟሟበት ውሃ አጥበህ ወዲያው አድርቅ፣ በዚያው ቀን የብረት መሠረት ቀለም ቀባበት። ፋብሪካው የለጠፈበትን ምልክት አታርስ፤ ይላቀቃል፣ አይመለስም።

ፍሪዊሉን ለማውጣት የራሱ መፍቻ ያስፈልጋል። የአቶም ወይም የማያር ሥሪት ከሆነ ብዙ ጊዜ ፓርክ ቱል ኤፍአር-4 ይገባዋል፤ መጀመሪያ ስሙን አንብብ። መፍቻውን ሞርሳ ውስጥ አስረህ ጎማውን እንደ መሪ ወደ ግራ አዙር። ቸርኬውን ከራጂው ከመፍታትህ በፊት ይህን ማድረግህን እንዳትረሳ፤ ከተፈታ በኋላ የምትይዘው ነገር የለህም፣ ፍሪዊሉ ሞዞው ላይ ይቀራል።

ሰንሰለቱን አትታደገው፣ ለ6፣ 7 ወይም 8 ማርሽ የሚባለውን አዲስ ግዛ። ርዝመቱን በትልቁ የፊትና በትልቁ የኋላ ማርሽ ላይ ጠምጥመህ፣ በቀያሪው ሳታሳልፍ፣ ከሚገናኝበት ላይ 2.5 ሳንቲ ሜትር ጨምረህ ቁረጥ። አዲሱ ሰንሰለት በትንንሾቹ የኋላ ማርሾች ላይ ጠንክረህ ስትረግጥ የሚዘል ከሆነ ማርሹ አልቋል ማለት ነው። ያኔ ፍሪዊሉን መተካት ይኖርብሃል፤ ከመግዛትህ በፊት ሞዞው 34.7 መሆኑን ለሻጩ ንገረው።